ንባብ ማስተማር ላይ ማስተርስ ልትሠሩ ነው? ከክፍላችሁ ጀምሩ

ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አንብቢ ስላት ገጹን ሳትደናቀፍ ትወጣዋለች። ጎበዝ አንባቢ ብዬ ነው የያዝኳት። አንድ ቀን ጣቷን ልብ ብዬ አየሁ። አፏ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ጣቷ አምስተኛው ላይ። መጽሐፉን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። እሷ ቀጠለች። ገጹን እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው።

በቋንቋ ዲግሪ ነበረኝ። ሰዋስውም ሥነ ጽሑፍም ተምሬያለሁ። ማንበብ የማይችል ልጅ እንዴት ማንበብ እንደሚጀምር ግን ያስተማረኝ ሰው የለም። ማስተርስ ለመማር የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ይህን የምጽፈው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋ ለምታስተምሩ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላችሁና በንባብ ዙሪያ ሁለተኛ ዲግሪ መሥራት ለምታስቡ መምህራን ነው። ከምዝገባው እስከ ዲፌንሱ፣ ማለትም ጥናቱን ገምጋሚዎች ፊት እስከምታቀርቡበት ቀን ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ሁሉም ደረጃ እኩል አይከብድም። ስለዚህ ወረቀቱን ቶሎ አልፌ ጥናቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

ደረጃ 1፦ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ወር አዳምጡ

ብዙዎቻችን መጀመሪያ እንመዘገባለን፣ ኮርስ እንጨርሳለን፣ ከዚያ የቲሲስ ርዕስ ፍለጋ እንገባለን። በዚህ መንገድ ስንሄድ ርዕሱን የምናገኘው ከሌላ ሰው ቲሲስ ላይ ይሆናል። ተገልብጦ መሠራት አለበት። ጥያቄው ክፍላችሁ ውስጥ አለ።

አንድ ደብተር ግዙ። በየቀኑ ሁለት ልጆችን ለየብቻ ጠርታችሁ አስነብቡ። እረፍት ሰዓት ላይ ወይም ሌሎቹ መልመጃ ሲሠሩ ይቻላል። ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሳይሆን አይተውት ከማያውቁት ጽሑፍ ይሁን። የኔዋን ልጅ ችግር የሸፈነብኝ ይኸው ነው፤ የምታውቀውን ገጽ ነበር የማስነብባት። ልጁ የት እንደቆመ፣ ምን ብሎ እንደገመተ፣ የትኛውን ፊደል ከየትኛው እንዳምታታ ጻፉ። ውጤት አትስጡ፤ አታርሙም። ያያችሁትን ብቻ መዝግቡ።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ስታገላብጡ የሚደጋገም ነገር ታገኛላችሁ። አንዱ ክፍል ላይ ልጆቹ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን፣ ጠ እና ጨን ያምታታሉ። ሌላው ላይ ፊደሉን ሁሉ ያውቃሉ፣ ቃሉን ግን አይገጣጥሙትም። ሌላው ላይ አንብበው ይጨርሱና ምን እንዳነበቡ ስትጠይቋቸው ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ከሦስቱ አንዱ የቲሲሳችሁ ርዕስ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ፕሮግራም መምረጥ

አሜሪካ ውስጥ የንባብ ስፔሻሊስት የሚባል የራሱ ማስተርስና የራሱ የሙያ ፈቃድ አለ። እዚያ ላላችሁ የሀገር ልጆች መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። እዚህ ግን የንባብ ማስተማር ዲግሪ የሚል ስም ፈልጋችሁ ብታጡ አትገረሙ። ንባብን የምትሠሩት በሌላ ዲግሪ ውስጥ ሆናችሁ ነው። አማርኛን የማስተማር ማስተርስ፣ እንግሊዝኛን ለማስተማር ቲፍል የምንለው፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት፤ በአራቱም በኩል መግባት ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንና ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲን በቅድሚያ ጠይቁ። የክረምት ወይም የማታ ፕሮግራም እንዳለም አጣሩ፤ ሥራ ላይ ላለ መምህር ትልቅ ልዩነት አለው።

እኔ የምመክረው ከዲግሪው ስም በፊት አማካሪውን እንድታዩ ነው። ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱ። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ያለፉትን ዓመታት ቲሲሶች አገላብጡ። በጀማሪ ክፍሎች ንባብ ላይ የተሠራ ካለ አማካሪው ማን እንደሆነ ሽፋኑ ላይ አለ። እሳቸውን አግኝታችሁ ደብተራችሁን አሳዩ። ሰው ‹‹ስለ ንባብ መሥራት እፈልጋለሁ›› ብሎ ሲመጣና ‹‹ሃያ ልጆች አስነብቤ ይህን አየሁ›› ብሎ ሲመጣ አቀባበሉ አንድ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱ

በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። የቋንቋ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄዎች ስላሉት ሒሳብ ከነካችሁ ዓመታት ካለፉ ቀደም ብላችሁ ልምምድ ጀምሩ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲያችሁ በቀጥታ ወደ አዲሱ ስለሚላክ ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ይሁን። መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍል ከሆነ የስፖንሰር ደብዳቤውንና ከተመረቃችሁ በኋላ የምትገቡትን የአገልግሎት ግዴታ ሳትፈርሙ በደንብ አንብቡ።

ደረጃ 4፦ ኮርስ ላይ ስትሆኑ ሁለት ነገር ያዙ

ብዙ ንድፈ ሐሳብ ትማራላችሁ። ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚያገለግሏችሁ ግን ሁለት ናቸው።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1986 ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ነው። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላሉ፦ የተጻፈውን ወደ ድምፅ መለወጥ እና ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት። ብዜት መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ፊደሉን አንበልብሎ ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ አይረዳም። ቋንቋው እየፈሰሰለት ፊደል የማይለይ ልጅም አይረዳም። ክፍላችሁ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካው ብሔራዊ የንባብ ፓነል ያወጣው ሪፖርት ነው። አምስት ነገሮችን ያነሳል፦ በቃል ውስጥ ያሉ ንጥል ድምፆችን መለየት፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት ዕውቀትና አንብቦ መረዳት። ችግሩ ሪፖርቱ የተሠራው በእንግሊዝኛ ላይ መሆኑ ነው። እንዳለ ወደ አማርኛ ስንገለብጠው ይሰበራል። እዚህ ላይ ቆም እንበል።

የእንግሊዝኛ ተማሪ 26 ፊደል ያጠናና በፊደሎቹ ዝብርቅርቅ አነባበብ ይሰቃያል። የኛ ልጅ 33 ፊደላት በ7 ሆሄ ሲባዙ 231 ቅርጽ ይጠብቀዋል፤ ቨን እና እንደ ቋ፣ ጓ ያሉትን ዲቃላዎች ሳንቆጥር። ሸክሙ ያለው ብዛቱ ላይ ነው። ከለመደው በኋላ ግን ፊደሉ ድምፁን በታማኝነት ይነግረዋል። ብዙ መምህር ይህን ሸክም የሚያቃልለው ሀሁን ከላይ እስከ ታች በዜማ በማስባል ነው። ልጁ ዜማውን ይይዘዋል። ሚ የት አለች ስትሉት መ፣ ሙ ብሎ ከመጀመሪያው ካልተነሣ አይደርስባትም።

የድሮ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ ሆሄው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተራ። ዜማ የያዘ ልጅ እዚህ ይያዛል፤ ቅርጹን ያወቀ ያልፋል። ሀሁን ይዘን አቡጊዳን መተዋችን ያስቆጨኛል። ከፈለጋችሁ ይህ ብቻውን ለአንድ ቲሲስ ይበቃል፦ በየቀኑ አሥር ደቂቃ አቡጊዳ የሠሩ ልጆች ፊደል በመለየት ከሌሎቹ ይሻላሉ ወይ?

ሌላም አለ። አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። አለ የሚለው ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ዋና ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ሳድሱም ቢሆን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ቃሉን በትክክል ለማሰማት ዐረፍተ ነገሩን መረዳት አለበት። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ ይህ እጥፍ ሥራ ነው። በላቲን ፊደል በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ መጥበቅም የአናባቢ ርዝመትም ይጻፋል፤ ስለዚህ በአማርኛ ያገኛችሁትን ውጤት ለሱም ይሠራል ብላችሁ አትጻፉ።

ደረጃ 5፦ ጥያቄያችሁን አጥብቡ

‹‹በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንባብ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው›› የሚል ርዕስ ይዛችሁ እንዳትቀርቡ። መጠይቅ በትናችሁ መምህሩ ‹‹መጽሐፍ የለም››፣ ርእሰ መምህሩ ‹‹ወላጅ አይከታተልም›› ብሎ ይሞላላችኋል። አንድም ልጅ ሳታስነብቡ ስለ ንባብ ትመረቃላችሁ። ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

ጥሩ ጥያቄ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው የንባብ ክሂል፣ ምን ስታደርጉ፣ ለምን ያህል ጊዜ። ለምሳሌ፦ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በየቀኑ 15 ደቂቃ ለስምንት ሳምንት ጥንድ ጥንድ ሆነው ድምፅ አውጥተው ቢያነቡ አቀላጥፎ ማንበባቸው ይሻሻላል ወይ? በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሴክሽን ይበቃችኋል። አንዱ አዲሱን ይሠራል፣ ሌላው በነበረበት ይቀጥላል። ከጥናቱ በኋላ ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ለሁለተኛውም ሴክሽን አድርጉት። የሰው ልጅ ነው፤ ለንጽጽር ብቻ ተቀምጦ መቅረት የለበትም።

ደረጃ 6፦ መለኪያውን ሥሩ

ኢግራ የሚባለውን የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ሳትሰሙ አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን ሲካሄድ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 ሪድ ቲኤ በተባለው የንባብ ፕሮጀክት በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት የተዘጋጁት። የኢግራ አሠራር ክፍት ነው፤ ለክፍላችሁ ማስማማት ትችላላችሁ። እኔ አምስት ክፍል አድርጌ ነው የምሠራው።

በመጀመሪያ 100 ፊደላት፣ በአሥር መስመር፣ ተቀላቅለው። ልጁ በ60 ሰከንድ የቻለውን ያህል ይላል። ቀጥሎ 50 የሚያውቃቸው ቃላት፣ እነሱም በ60 ሰከንድ። ከዚያ 50 የፈጠራ ቃላት፤ ‹‹ሚቦ››፣ ‹‹ገሩፋ›› እንደሚሉት ትርጉም የሌላቸው። ይህ ክፍል ሰውን ግራ ያጋባል፤ ወላጅም ‹‹ልጄን ምን እያስነበባችሁ ነው?›› ሊል ይችላል። ዋጋው ግን ትልቅ ነው። በቃል የተያዘ ቃል ስለሌለ ልጁ ፊደል እየገጣጠመ መሆኑን የሚያሳይ እሱ ነው። ቃላቱ የፈጠራ እንደሆኑ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ ወደሚያውቀው ቃል ይጎትታቸዋል። አራተኛው 60 ቃል ያህል ያለው አጭር ታሪክና አምስት ጥያቄ ነው። አምስተኛው እናንተ የምታነቡለት ሌላ ታሪክና ጥያቄዎቹ።

ይህን አምስተኛውን እንዳትተዉት። የጎፍና የተንመር ነገር ሥራ ላይ የሚውለው እዚህ ነው። ስታነቡለት ሁሉንም መልሶ ራሱ ሲያነብ ምንም ያልመለሰ ልጅ ችግሩ ፊደል ነው። ስታነቡለትም ካልመለሰ ችግሩ ቋንቋው ሊሆን ይችላል፤ ሰፈሩን፣ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ጠይቁ።

ቃላቱን ስትመርጡ አለ፣ ገና፣ ዋና የመሳሰሉትን ከነጠላ ቃላት ዝርዝር አውጡ። ብቻቸውን ሲቆሙ ሁለት አነባበብ ስላላቸው ልጁ ትክክል ይሁን አይሁን መወሰን አትችሉም። በጣም ረጃጅም ቃላትም ቀንሱ። ‹‹አልመጣችላቸውም›› በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በሌላ ቋንቋ አራት አምስት ቃል ይሆናል። በደቂቃ የተነበበ ቃል ቁጥርን ከእንግሊዝኛ ጋር ማወዳደር የማይሆነውም በዚህ ነው። የውጭ መጽሐፍ ላይ ያገኛችሁትን የደቂቃ መለኪያ ልጆቻችሁ ላይ አትጫኑ።

ደረጃ 7፦ ማስነበብ

መጀመሪያ ፈቃድ። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ፣ ከርእሰ መምህሩ ስምምነት፣ ከወላጅ ደግሞ ፊርማ። የማያነብ ወላጅ ካለ ደብዳቤውን አንብባችሁ በቃል አስረዱ። ልጁንም ጠይቁት። ዛሬ አልፈልግም ካለ ነገ ሞክሩ።

በተቻለ መጠን የራሳችሁን ተማሪዎች ራሳችሁ አትለኩ። የለፋችሁባት ልጅ ስትደናቀፍ ጆሯችሁ ያዳላል፤ ያላለችውን ፊደል ይሰማችኋል። ሌላ መምህር አሠልጥኑና እሱ ይያዝላችሁ። ሁለት ሰው አንድን ልጅ እየሰማ ለየብቻ ይመዝግብና አወዳድሩ። ከአሥር ምልክት ዘጠኙ ላይ እስክትስማሙ ድረስ ልምምዱን አታቁሙ።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። ልጁ አንድ ፊደል ወይም ቃል ላይ ሦስት ሰከንድ ከቆመ ቀጣዩን አሳዩት። ራሱን ካረመ ትክክል ነው። የአካባቢው አነጋገር ስህተት አይደለም። ሀን፣ ሐን እና ኀን አንድ አድርጎ ቢያነባቸው ትክክል ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር አንዱንም ካላወቀ በደግ ቃል አቁማችሁ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ። ስልካችሁ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ አለ፤ ልጁ ፊት አታድርጉት። ዓይኑ እሱ ላይ ይቀራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ60 ሰከንድ 28ኛው ቃል ላይ ደርሶ 6 ከተሳሳተ፣ በደቂቃ 22 ቃል አነበበ ማለት ነው። 60ዎቹን ቃላት በ48 ሰከንድ ጨርሶ 4 ከተሳሳተ ደግሞ 56 በ60 ተባዝቶ ለ48 ይካፈላል፤ በደቂቃ 70 ይሆናል።

ስምንቱን ሳምንት በየቀኑ የተሠራውን መዝግቡ። ስብሰባ ሆኖ የቀረ ቀን፣ መምህር ታሞ የታለፈ ቀን፣ ሁሉም ይጻፍ። በወረቀት 40 ቀን የተባለው በተግባር 26 ቀን ሊሆን ይችላል። ያንን ካልጻፋችሁ ዘዴው አልሠራም ትላላችሁ፤ ያልተሠራው ግን ዘዴው ሳይሆን ቀኑ ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ስታነቡ

አማካይ ላይ ብቻ አትቁሙ። ሁለት ክፍሎች አማካያቸው በደቂቃ 15 ቃል ሊሆን ይችላል። በአንዱ ሁሉም ልጅ 15 አካባቢ ነው። በሌላው ግማሹ 30 ያነባል፣ ግማሹ ዜሮ። አማካዩ እነዚህን ልጆች ይውጣቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ ዜሮ ያገኙት በመቶ ስንት እንደሆኑ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ስንት እንደቀሩ አስቀምጡ። ለኔ ከሁሉም ቁጥር የሚበልጠው ይኼ ነው። ዜሮ የበዛበት መረጃ የሁለት ቡድን አማካይ በሚያወዳድረው በተለመደው ቲ-ቴስት ላይስማማ ስለሚችል፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አማካሪያችሁን ወይም ስታትስቲክስ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ሦስት አራት ልጆች መርጣችሁ ታሪካቸውንም ጻፉ። ከዜሮ የተነሣው፣ ባለበት የቀረው። ባለበት የቀረው ልጅ ዓይኑን፣ ጆሮውን አስመርምሩት። የቀሪ ደብተሩንም እዩ። ቁጥሩ የማይነግራችሁን አንዳንዴ የቀሪው መዝገብ ይነግራችኋል።

ደረጃ 9፦ ዲፌንስና ወደ ክፍል መመለስ

ዲፌንስ ላይ ሁለት ጥያቄ እንደማይቀር ቁጠሩት፦ ሳምፕሉ (ያጠናችኋቸው ልጆች ቁጥር) ለምን አነሰ፣ እና ለውጡ የመጣው ከዘዴያችሁ ነው ወይስ ልጆቹ በዕድሜ ስለጨመሩ? ለሁለተኛው መልሱ የንጽጽር ሴክሽኑ ነው። ለመጀመሪያው ትንሽ መሆኑን አምናችሁ ምን ማለት እንደምትችሉና እንደማትችሉ በግልጽ ተናገሩ።

ቲሲሱ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ገጽ ማጠቃለያ በቀላል አማርኛ ጽፋችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ፕሮግራም ላይ አንድ ከሰዓት ጠይቃችሁ ለጓደኞቻችሁ አሳዩ፤ ስላይድ አታብዙ፣ አንድ ልጅ አስመጥታችሁ እያስነበባችሁ አሳዩ። የፊደል ገበታውንና የማስነበቢያ ወረቀቱን አባዝታችሁ ለየክፍሉ ተዉ። ክፍላችሁ ስትመለሱ ደግሞ በሳምንት አምስት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ፣ ዓርብ ዓርብ አስነብቡ። 60 ልጅ ቢኖራችሁ በ12 ሳምንት ሁሉንም ትሰሟቸዋላችሁ። ጽሑፉ አዲስ ይሁን፤ ጣታቸውንም እዩ።